ከአይረኑ በፊት ትኩሳቱ ይጠየቅ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል። «አባታችን ኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው፣ ደማቸው ወርዷል። አይረን በደም ስር ይሰጣቸው ተባልን። ሌላ ባለሙያ ደግሞ አይረን ኢንፌክሽን ያባብሳል አለን። የቱን እንስማ?» የሚል ነው። አንዳንዱ ፈርቶ አስቁሞታል። አንዳንዱ ደግሞ «ደም ይሙላልኝ እንጂ» ብሎ ከፋርማሲ ገዝቶ ሰፈር ውስጥ ያስወጋል። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። ደሙ የወረደና የብረት ክምችቱ የጎደለ የኩላሊት ታካሚ አይረን ሊከለከል አይገባም። ነገር ግን ኢንፌክሽን መኖር አለመኖሩ ሳይጣራ በደም ስር አይረን መስጠት አደጋ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ደግሞ አደጋው ሌላ ቦታ ካለው ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ደሙ ለምን ይወርዳል? ኩላሊት ሥራው ሽንት ማጣራት ብቻ ይመስለናል። መቅኒያችን ቀይ የደም ሴል እንዲያመርት የሚያዘውን ኤሪትሮፖየቲን የተባለ ሆርሞን በዋናነት የሚያመነጨውም እሱ ነው። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቀንሳል፣ ደም ይወርዳል። በዚህ ላይ እጥበት ላይ ያለ ሰው በእያንዳንዱ እጥበት ማሽኑና ቱቦው ውስጥ የሚቀር ደም አለው፤ ለላብራቶሪ የሚቀዳም አለ። ደም በወጣ ቁጥር ብረትም አብሮ ይወጣል። የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ኢፖ የምትሉት መርፌ የሆርሞኑ ምትክ ነው፤ ግን ብረት ከሌለ ምንም አይሠራም። ግንበኛ ቀጥሮ ብሎኬት እንደመከልከል ነው። ስንቱ ቤተሰብ ከአፉ ቀንሶ ኢፖ ይገዛል፤ ብረቱ ስለጎደለ ግን ሂሞግሎቢኑ ንቅንቅ አይልም።

ብረቱን ፈርተን ስንተወው የሚመጣው ምንድነው? ደም መውሰድ። ደም መውሰድ ሕይወት ያተርፋል፤ ግን በተደጋጋሚ ሲሆን ሰውነት በባዕድ ሰው ሴል ላይ መከላከያ ማምረት ይለምዳል። ነገ ወንድም ወይም እህት ኩላሊት ልስጥ ሲል «አይገጥምም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። በአገራችን ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ተስፋው የተንጠለጠለው በቤተሰብ ልግስና ላይ ነው፤ ዛሬም እንደዚያው። ስለዚህ «አይረን ይቅርብን» ማለትም ዋጋ አለው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። ፍርሃቱ ከየትም የመጣ ወሬ አይደለም። ብረት የሚያስፈልገን እኛ ብቻ አይደለንም፤ ባክቴሪያውም፣ የወባ ተውሳኩም ያለ ብረት አይራቡም። ሰውነታችን ይህን ያውቃል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ልቅ የሆነ ብረት የለም ማለት ይቻላል፤ ትራንስፈሪን በሚባል ተሸካሚ ፕሮቲን ታስሮ ነው የሚዞረው። ኢንፌክሽን ሲገባ ደግሞ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል። ሄፕሲዲን የብረቱን በር ይዘጋል፦ ከአንጀት እንዳይገባ፣ ከማከማቻም እንዳይወጣ። ሌባ ሰፈር ገባ ሲባል ባለሱቁ መዝጊያውን እንደሚያወርደው ማለት ነው።

በአፍ የሚወሰድ ኪኒን በዚህ በር ነው የሚያልፍ፤ በሩ ከተዘጋ አብዛኛው በሰገራ ይወጣል። በኩላሊት ታካሚ ላይ ሄፕሲዲን ስለሚጠራቀም በሩ ከወትሮውም ገርበብ ያለ ነው፤ እጥበት ላይ ላለ ሰው ኪኒን ብዙ ጊዜ የማይበቃው ለዚህ ነው። በደም ስር የሚሰጠው ግን በሩን አያንኳኳም። ጤነኛ ሰው ከምግቡ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብረት ብቻ ነው የሚያስገባው። በደም ስር በአንድ ጊዜ 100 ወይም 200 ሚሊግራም ይሰጣል። ሰውነት መዝጊያውን አውርዶ በተቀመጠበት ሰዓት በጓሮ በር ዕቃ እያራገፍን እንደሆነ አስቡት። ጊዜው ካልተመረጠ ዕቃው የሚደርሰው ለሌባው ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚያሳይ ታሪክ ሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሙሬይና ባልደረቦቹ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ያሳተሙት ጥናት ስለ ጎረቤቶቻችን ስለ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ነው። የብረት እጥረት የነበረባቸውን 137 ሰዎች ወስደው ለግማሹ ያህል አይረን፣ ለግማሹ ያህል መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ሰጡ። ማስመሰያውን በወሰዱት ላይ 7 ጊዜ ኢንፌክሽን ታየ። አይረኑን በወሰዱት ላይ 36 ጊዜ። ከነዚህም ውስጥ ሰውነታቸው ውስጥ ተኝተው የነበሩ ወባ፣ ብሩሴሎሲስና ቲቢ ነበሩባቸው፤ አይረኑ ቀሰቀሳቸው። ሦስቱን በሽታዎች ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ከዛንዚባሯ ፔምባ ደሴት ትልቅ ጥናት ወጣ። ወባ በበዛበት በዚያ ቦታ አይረንና ፎሊክ አሲድ የተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ሆስፒታል የሚያስተኛ ከባድ ሕመምና ሞት ከፍ ብሎ ስለታየ ያ የጥናቱ ክፍል እንዲቆም ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅትም ወባ ባለበት አካባቢ ለሕፃናት አይረን ሲሰጥ የወባ መከላከልና ሕክምና አብሮ መኖር አለበት ወደሚል ምክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

«እነዚህ'ኮ የኩላሊት ታካሚዎች አይደሉም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እጥበት ላይ ባሉ ሰዎች የተሠራውን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣው ፒቮታል የተባለው የእንግሊዝ ጥናት እስካሁን ካሉት ጠንካራው ነው። እጥበት ከጀመሩ ዓመት ያልሞላቸውን 2,141 ሰዎች በ50 ማዕከላት ተከታተሉ። አንዱ ቡድን ክምችቱ ከተወሰነ ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ በየወሩ 400 ሚሊግራም አይረን በደም ስር ወሰደ፤ ሌላው ሲጎድልበት ብቻ። ብዙ የወሰዱት ደም መውሰድ ያስፈለጋቸው ያነሰ ነው፣ የልብ ችግርና ሞትም ተደምሮ ሲታይ ቀነሰላቸው፣ ያስፈለጋቸው ኢፖም ያነሰ ነው። ኢንፌክሽኑስ? በሁለቱም ቡድን እኩል ያህል ነበር። ስለዚህ «አይረን በራሱ ኢንፌክሽን ያመጣል» ብላችሁ የምታስፈራሩ ሰዎች ይህን ጥናት አንብቡ።

ግን አንድ ነገር አትዝለሉ። ደማቸው ላይ ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ምልክት በጣም ከፍ ያለባቸው ሰዎች ከመጀመሪያው ወደ ጥናቱ አልገቡም። ጥናቱ የተደረገውም ወባ በሌለበት፣ ቲቢ በቀነሰበት፣ ሰው በሳምንት ሦስቴ በሚታጠብበት፣ ፌሪቲን በየወሩ በሚለካበት አገር ነው። ጥናቱ ያረጋገጠልን በደንብ ተመርጦና ተለክቶ የተሰጠ አይረን ደህና መሆኑን ነው። ሳንመርጥና ሳንለካ የምንሰጠው ደህና ነው አላለም።

ከአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ከ100 ሺህ በላይ የእጥበት ታካሚዎችን መረጃ ያየ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከታትሎ ብዙ አይረን የተሰጣቸው ሰዎች በትንሽ በትንሹ ከተሰጣቸው ይልቅ በኢንፌክሽን ሆስፒታል መተኛት በዝቶባቸዋል። ጭማሪው ጎልቶ የታየው በማን ላይ መሰላችሁ? አንገታቸው ወይም ደረታቸው ላይ ባለ ካቴተር የሚታጠቡት ላይና በቅርቡ ኢንፌክሽን ይዟቸው የነበሩት ላይ። የዓለም አቀፉ የኩላሊት መመሪያ አውጪ ቡድን ኬዲጎም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ መላ ሰውነትን የያዘ ኢንፌክሽን እያለ በደም ስር አይረን አትስጡ ብሏል።

አሁን ድሬ እንግባ። ከሶማሌ አርብቶ አደሮች ጥናት የወጡትን ሦስት በሽታዎች ይዘን።

ወባ። ዱሮ «ክረምቱ ሲወጣ ትመጣለች» እንል ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የከተማ ትንኝ ይህን አበላሽታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ታየች፣ ከዚያ እኛ ጋ ደረሰች። በበርሜልና በሮቶ በያዝነው ውኃ፣ ግንባታ ቦታ ላይ ባቆርነው ውኃ ትራባለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ከ2,400 በላይ ሰው ወባ ተገኝቶበታል። ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ወረርሽኝ ላይ የተሠራው ጥናት ደግሞ ሌላም ነገር አግኝቷል፦ ብዙዎቻችን የምናውቀው ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ የወባ ተውሳኮች አሉ። ስለዚህ ድሬ ላይ ትኩሳት ያለው ሰው በፈጣን ምርመራ «የለብህም» ስለተባለ ብቻ ነገሩ አያልቅም፤ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ብሩሴሎሲስ። ያልፈላ ወተት በተለይም የግመል ወተት የምንወድ ሰዎች ነን፤ ለደም ማነስ መድኃኒት ነው ብለን ለታመመ ሰው የምንሰጠውም እሱኑ ነው። ብሩሴሎሲስ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ያልፈላ ወተት ነው። በሽታው የሚመጣው በሚመላለስ ትኩሳት፣ በላብ፣ በመገጣጠሚያና በወገብ ሕመም ነው። «ኩላሊቱ ነው የሚያመው» ተብሎ ለማለፍ ቀላል ነው።

ቲቢ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው የመከላከል አቅሙም ይደክማል፤ ተኝቶ የነበረ ቲቢ የመነሳት ዕድሉ ከጤነኛው ይበልጣል። ብዙ ጊዜም ሳንባ ላይ ሳይሆን ዕጢ ላይ ወይም ሆድ ውስጥ ስለሚሆን ሳል ላይኖረው ይችላል። ኪሎ መቀነስና ድካም ብቻ ይታያል። ድካሙን ደግሞ ሁላችንም «ደም አንሶት ነው» ብለን አይረን እናዝለታለን።

በነዚህ ላይ የኑሮውን ጉዳይ ጨምሩ። ወጪው ስለሚከብድ በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚታጠበው ብዙ ነው። እጅ ላይ ለእጥበት የሚሠራው የደም ስር ማገናኛ ቀዶ ሕክምና በጊዜ ስላልተሠራለት በካቴተር ወራት የሚቆየውም ብዙ ነው። ካቴተር ለባክቴሪያ የተዘረጋ መንገድ ነው። የድሬ ሙቀትና ላብ፣ ውኃ የሚጠፋባቸው ቀናት፣ ፋሻው እየረጠበ መነሳቱ ሲጨመርበት እናንተው አስቡት። የአሜሪካው ጥናት «አደጋው የሚጎላው እነሱ ላይ ነው» ያላቸው ሰዎች የእኛ የዕለት ተዕለት ታካሚዎች ናቸው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ጤና ላይ የምትሠሩ ልጆቼ ይህቺን አጥብቃችሁ ያዙ። የብረት ክምችትን የምንለካው በፌሪቲን ነው። ፌሪቲን ግን ብረት ሳይጨምር ኢንፌክሽንና ብግነት ሲኖርም ከፍ ይላል። የካቴተር ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ፌሪቲኑ 800 ሊሆን ይችላል፤ ለመሥሪያ የሚሆን ብረት ግን በደሙ ውስጥ የለም። ብቻውን የቆመ ፌሪቲን በሁለት በኩል ያሳስታል። ከፍ ሲል «ብረት ሞልቶታል» ብለን እንዘጋዋለን፤ ኢንፌክሽኑንም አንፈልግም። ስለዚህ የትራንስፈሪን ሙሌት የሚባለው ምርመራ አብሮ ይታይ። ፌሪቲን ከፍ፣ ሙሌት ዝቅ ብሎ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት አይረን ልስጥ?» ብላችሁ አይሁን። «ምን ተደብቋል?» በሉ። ካቴተሩን፣ ጥርሱን፣ እግሩን፣ ሳንባውን እዩ።

እንግዲህ ምን ይደረግ ነው የምለው? ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አልልም። በእያንዳንዱ የአይረን ቀን፣ መርፌው ከመቀዳቱ በፊት፣ ነርሷ አራት ነገር ትጠይቅ፤ መልሱም ካርዱ ላይ ይጻፍ።

1ኛ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሌሊት ላብ ወይም ሳል ነበር? (እጥበት ላይ ያለ ሰው የሰውነት ሙቀቱ ከወትሮውም ዝቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ቴርሞሜትሩ 37.5 አሳየ ብላችሁ አትናቁት። እጥበት ላይ እያለ የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ከካቴተሩ ነው በሉ።)

2ኛ፦ ካቴተር አለው? የገባበት ቦታ ቀልቷል፣ ያመዋል፣ መግል አለው?

3ኛ፦ ሂሞግሎቢን፣ ፌሪቲንና የትራንስፈሪን ሙሌት የተለኩት መቼ ነው? ስንት ነበሩ?

4ኛ፦ ሌላ ቦታ አይረን ወስዷል? ዘመድ ከውጭ የላከለት ኪኒን፣ ሰፈር የተወጋው መርፌ፣ በቅርቡ የወሰደው ደም ሁሉ ይቆጠራል። አንድ ዩኒት ደም ውስጥም ከ200 ሚሊግራም ያላነሰ ብረት አለ።

አጠራጣሪ ነገር ካለ አይረኑ ይቆይ፣ ኢንፌክሽኑ ይፈለግ፣ ይታከም። አይረን ለአንድ ለሁለት ሳምንት ቢዘገይ ሰው አይሞትም፤ የደም ኢንፌክሽን ግን በቀናት ውስጥ ይገድላል።

አምስተኛም አለኝ፤ ከሁሉም የሚረሳው እሱ ነው። አይረኑ ሲቆም «መቼ ይጀመራል?» የሚለው ቀን ይጻፍ። ኢንፌክሽኑ ታክሞ ያልቃል፣ ሰውየው ወደ እጥበቱ ይመለሳል፣ አይረኑ ግን «ተቁሟል» እንደተባለ ወራት ይቀራል። የሚጠይቅ የለም። ሂሞግሎቢኑ ወርዶ ወርዶ ደም ሲፈለግ ነው ሁሉም የሚደነግጠው። ኢንፌክሽን ፈርቶ ማቆም ተገቢ ነው፤ አቁሞ መርሳት ግን ጥንቃቄ አይባልም።

«ታካሚ ተደራርቦ፣ ነርስ አንሶ፣ ማን ነው ይህን ሁሉ የሚጠይቀው?» የሚለው ተቃውሞ ይገባኛል፤ የምትሠሩበትን ሁኔታ አውቃለሁ። ግን አራቱን ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የትራንስፈሪን ሙሌት በየቦታው አይሠራም፣ ሲሠራም ውድ ነው፤ እሱም እውነት ነው። ትኩሳትን መጠየቅና ካቴተርን ገልጦ ማየት ግን ላብራቶሪ አይፈልግም። ውዱ ምርመራ ስለሌለ ነጻውን መተው አያስኬድም።

ፋርማሲ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፦ በደም ስር የሚሰጥ አይረን የሚያዘው የኩላሊት ክትትሉን የያዘው ሐኪም ነው። ወረቀት ሳይኖረው «ለደም ማነስ» ብሎ ለመጣ ሰው አትሽጡ። ከኢንፌክሽኑ ሌላ ድንገተኛ አለርጂም አለው፤ ሰፈር ክፍል ውስጥ የሚወጋ ነገር አይደለም።

ቤተሰቦች፦ አይረን በሚሰጥበት ቀን አባታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ «ትናንት ማታ አልቧቸው ነበር»፣ «ከትናንት ወዲያ አንቀጥቅጧቸው ነበር» በሉ። «ቀኑ እንዳያልፍብን» ብላችሁ አትደብቁ። ወተቱን አፍሉት። የውኃ በርሜላችሁን ክደኑ፣ አጎበር ስር ያስተኟቸው። ኪኒን የታዘዘላቸው ከሆነ ከሻይና ከቡና ጋር፣ ወይም ከካልሲየም ኪኒናቸው ጋር በአንድ ሰዓት አይውሰዱት፤ ብረቱን ይይዘዋል። ቀይ ስር ጨምቃችሁ የምትሰጡ ደግሞ አቁሙ። ቀይ ስር ቀለሙ ደም ቢመስልም ፖታሲየም የበዛበት ነው፤ እጥበት ላይ ላለ ሰው ፖታሲየም ልብ ሊያቆም ይችላል። አይረን ከራሳችሁም አታስጀምሩ፣ ከራሳችሁም አታስቁሙ። ጥርጣሬ ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ድሬ ላይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቤቱን ሸጦ፣ ዘመድ አስቸግሮ ነው የሚታጠበው። ያ ሁሉ ተከፍሎ፣ ሰውየው ኩላሊቱን ችሎ ኖሮ፣ ሳይጠየቅ ባለፈ አንድ ትኩሳት መሞት የለበትም። ፈርተን አይረን ስለከለከልነውም ደረጃ መውጣት አቅቶት ቤት መዋል የለበትም።

እጥበት ክፍል የምትሠሩ፣ አራቱን ጥያቄዎችና የመጀመሪያውን ቀን ጉዳይ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉልኝ። የጎደለ ወይም ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ኮመንት ላይ ጻፉ፣ እንነጋገርበታለን። ታማሚ ቤቱ ያለ ወዳጅ ካላችሁ አድርሱለት።

ለታመሙት ሁሉ አላህም እግዚአብሔርም ምሕረቱን ያውርድ። ደህና ሁኑ።